ካርድ የሚቀበለው ወጌሻ

ዳርላ ፔቲቦን የክሊኒኩን በር ገፋ ስታደርገው ሳይቆለፍ አገኘችው። መብራቱ በርቷል፤ የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ግን ሰው የለበትም።

«ዶክተር ኮፔስኪ?»

ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ውስጥ ዘለቀች። የመጨረሻው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ዶክተር ቨርሊን ኮፔስኪ በገዛ የሕክምና አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ከጉልበታቸው ሥር ትራስ ተደርጎላቸዋል፤ መነጽራቸው ተጣጥፎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ዳርላ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «እንቅልፍ ጥሏቸዋል፤ ልቀስቅሳቸው ወይስ ውጭ ልጠብቅ?» የሚል ነበር። እጃቸውን ነካ ስታደርገው ግን በረዶ ሆኖ አገኘችው።

ካልደር ፌሪ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የአዮዋ ከተማ ናት፤ የወንጀል መርማሪዋም አንዲት ብቻ። ስሟ ሮዌና ዳይክስትራ ይባላል። የመጠየቅ አባዜ አለባት። የቀድሞ ባሏ ሲፈታት «ካንቺ ጋር እራት መብላት ምስክርነት መስጠት ነው» እንዳላት ራሷ እየሳቀች ታወራለች። የዚያን ቀን ማለዳም ወደ ክፍሉ ገብታ አስከሬኑን ካየች በኋላ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን የተከለችው አስከሬኑ ላይ ሳይሆን ትራሱ ላይ ነበር።

የአስከሬን ሐኪሙ የሟቹን ጭንቅላት ቀስ አድርጎ አዞረው። «ከኋላ ነው የተመታው። ደሙ ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው፤ ለዚህ ነው ውጭው ንጹሕ የመሰለሽ።»

«በምን ተመታ?»

በአልጋው ግርጌ ወዳለው ሰፊ የብረት ሳህን አመለከታት። የእግር ማሳረፊያ የመሰለ ነገር ነው። ጠርዙ ላይ ጥቂት ሽበትና የደረቀ ደም ተጣብቆበታል።

«ወይ ወድቀዋል፣ ወይ ተገፍትረዋል። ወዲያው ግን አልሞቱም፤ ሰዓታት ቆይተው ሊሆን ይችላል።»

«ወለሉ ላይ ከወደቁ አልጋው ላይ ማን አወጣቸው?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ። እኔ ይኼን ገላ ብቻዬን አላነሳም። በሬ ናቸው እኮ!»

ሮዌና ትራሱን እንደገና አየችው። ሰውን ገፍትሮ ጥሎ፣ አንስቶ አስተኝቶ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎለት የሚሄድ ምን ዓይነት ገዳይ ነው? እንዲህ ያለ ገዳይ በሥራ ዘመኗ አላጋጠማትም።

ዳርላ ውጭ፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ ካፖርቷን ደራርባ ትጠብቃት ነበር። በቱርክ ዶሮ ፋብሪካ ሥጋ ስትቆርጥ ኖራ ወገቧ የከዳት፣ አርባ ያልሞላት ሴት ናት።

«ወደዚህ ማን ላከሽ?»

«ማን ይልከኛል? ያለኝ የመንግሥት የጤና መድን ካርድ ነው። የጀርባ ሐኪም እንደሆነ በየማዕዘኑ ሞልቷል፤ ካርዱን የሚቀበል ግን እንደ ቅዱሳን አጽም ነው፤ አለ ሲሉ ትሰሚያለሽ እንጂ አታዪውም። አንዱ ጋ ስደውል ‹አዲስ ሰው አንወስድም› ይለኛል። አንዱ ‹እሱ ድሮ ቀረ› ይለኛል። አንዷማ ‹የምን ካርድ?› ብላ ሳቀችብኝ። አንዱ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ መድን ቢሮው ግን እስካሁን ያክማል ይላል።»

«ዶክተር ኮፔስኪስ?»

«ትናንት ወደ ማታ ገደማ ደወልኩ። እሳቸው ራሳቸው አነሱት። ‹ካርዴን ይቀበላሉ?› አልኳቸው። ዝም አሉ። ያው ነው ብዬ ልዘጋው ስል ‹አንዴ ጠብቂኝ ልጄ› አሉኝና ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑት። ከጎናቸው ሰው ነበር። ‹አለቃዬ፣ አንድ ደቂቃ› ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ተመልሰው ‹ነገ ማለዳ ነይ› አሉኝ።»

«አለቃዬ ያሉት ሰው ወንድ ነው ሴት?»

«እኔ የሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።» ዳርላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ! ምን ዓይነት ዕድል ነው ያለኝ በናትሽ?»

የክሊኒኩ ጸሐፊ ማርሊስ ግሮት ለሥራ መጥታ ፖሊሶቹን ስታይ ደረጃው ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። ዕድሜዋ ከስድሳ ያለፈ፣ ጸጉሯን በጥንቃቄ የምትሠራ፣ የከተማዋን ሰው ወገብ ሁሉ በስም የምታውቅ ሴት ናት። ልቅሶዋ ጋብ ሲልላት ሮዌና ስለ ዳርላ ቀጠሮ ነገረቻት።

«አዲስ በሽተኛ? በካርድ? የለም፣ አይሆንም!» አለች ማርሊስ በመሐረቧ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እኛ እኮ በወሩ መጨረሻ ልንዘጋ ነው። ክሊኒኩን ለሌላው ወጌሻ፣ ለዶክተር ሆልዌይ ሸጠውታል። እሳቸውና ባለቤታቸው ዴልሲ አሪዞና፣ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ዕቃ እያሸጉ ነው። ካርድ ላላቸው ሰዎች እየደወልኩ ‹ሌላ ሐኪም ፈልጉ› ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። የት ይፈልጉ? በዚህ አውራጃ ካርድ የሚቀበሉት እሳቸው ብቻ ናቸው!»

«የተናደደባቸው ሰው ነበር?»

«ሁሉም ነው የተናደደው። አሮጊቶቹ አለቀሱብኝ። ዱዌን ስትራትማን ግን ‹አንገቱን ነው የምሰብርለት› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

«ትናንት ማታ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ጥርሴን አስነቅዬ ቤቴ ተኝቼ። ይኸውልሽ፣ እይው» አለችና ጉንጯን በጣቷ ገልብጣ አሳየቻት።

ሮዌና መርዶውን ራሷ ለመንገር ወደ ዴልሲ ኮፔስኪ ቤት ወጣች። ዴልሲ በሩን የከፈቱት በከዘራ ተደግፈው ነው። ቀጭን፣ ነጭ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ የሰበሰቡ፣ ዳሌያቸው ከታመመ የቆየ አሮጊት ናቸው። ኮሪደሩ በታሸጉ ካርቶኖች ተሞልቷል። ወጥ ቤቱ ውስጥ የፕለም ማርማላታ የተሞላ፣ ኮላቼ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ በሰፌድ ተደርድሮ ይቀዘቅዛል።

«ቨርሊን ነው፤ አይደል?» አሉ ገና ሮዌና ባርኔጣዋን ስታወልቅ።

ነገረቻቸው። ዴልሲ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ያቺ አዲሷ በሽተኛ ናት ያገኘችው?»

«አዎ፣ እሷ ናት።»

«ምስኪን። ደንግጣ ይሆናል።»

«ማታ ሳይመጡ ሲቀሩ አላሳሰበዎትም?»

«ወገቡ ሲይዘው እዚያው አልጋው ላይ ነው የሚያድረው። የወጌሻን ወገብ ማን ያሽለታል? እኔ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበርኩ። ለዓርቡ የዓሣ እራት ሊጥ ስናቦካ።»

ለመነሳት ሲሞክሩ ሮዌና ክንዳቸውን ያዘች። ወፍ የያዘች መሰላት፤ አጥንትና ሹራብ ብቻ። ያን የሚያህል ሰው እኚህ ሴት ከወለል አያነሱም ብላ ስማቸውን ከሐሳቧ አወጣች።

ዱዌን ስትራትማንን የእህል ጎተራው ጋ፣ ከጭነት መኪና በቆሎ ሲያራግፍ አገኘችው። ትከሻው በር ይዘጋል።

«አንገቱን እሰብራለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ» አለ ዱዌን አቧራውን ከፊቱ እየጠረገ። «ምን ታደርጊዋለሽ? እሱ የኔን አንገት በየሳምንቱ ሲሰብር አልነበር? ቀጭ! ሲያደርገው ግን ሰው ሆኜ እወጣ ነበር።»

«አሁን አትቀልድ። ሞተዋል።»

ዱዌን አካፋውን ጣለው። ሮዌና በሥራዋ ብዙ የውሸት ድንጋጤ አይታለች፤ የዱዌን ግን ቀለሙን ከፊቱ ጠርጎ ነበር የወሰደው።

«ማታ ቦውሊንግ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «የከተማው ግማሽ አይቶኛል። ይልቅ አየሽ፣ ባለፈው አግኝቼው ‹ለምን ትተኸን ትሄዳለህ?› ስለው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ዱዌን፣ እኔም ማታ ማታ ራሴን እሱን ነው የምጠይቀው› አለኝ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ይመታል?»

የቦውሊንግ ቤቱ ባለቤት ስልክ ስትደውልለት ሳቀባት። «ዱዌን? ከሥራ እንደወጣ መጥቶ እስክንዘጋ ድረስ እዚህ ነበር። እየተሸነፈም አይሄድም፤ ያ ነው ችግሩ።»

ስለዚህ የቀራት ‹አለቃዬ› የተባለው ሰው ነው። አንድ ሰው ክሊኒኩን ለሌላ ከሸጠ በኋላ ገዢውን በቀልድ አለቃዬ ቢለው ምን ይገርማል? ሮዌና ወደ ዶክተር ብራንት ሆልዌይ ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ነገር አማራት። መኪናዋ ውስጥ ሆና እንደ በሽተኛ ደወለችለት።

«ወገቤን አሞኛል። የመንግሥት ካርድ ትቀበላላችሁ?»

«ይቅርታ እመቤቴ፣ አንቀበልም» አለች ጣፋጭ ድምፅ።

«ማን ይቀበላል?»

«ዶክተር ኮፔስኪ ጋ ይሞክሩ።»

ሮዌና ስልኩን ከዘጋች በኋላም ለጥቂት ጊዜ እጇ ላይ ይዛው ቆየች። ዳርላ ይህን ዓይነት መልስ ስንት ጊዜ ሰምታ ይሆን?

ሆልዌይ ክንዱ የተጠረበ እንጨት የሚመስል ጎልማሳ ነው። ቢሮው አዲስ ቀለም ይሸታል። የሟቹን ነገር ሰምቶ ነበርና ፊቱ ተጨማዷል።

«ትናንት ማታ እዚህ የጀርባ ማፍታቻ ስልጠና እሰጥ ነበር። ተማሪዎቼን ጠይቂያቸው። ክርክር እንዳለን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አለን እንዴ?»

ሆልዌይ ምላሱን ነከሰ፤ ከዚያ ግን ተነፈሰ። «በዚህ ሳምንት ደውሎ ‹ሽያጩን ባፈርሰውስ?› አለኝ። አልተቆጣሁም። ‹ዶክተር፣ ዴልሲን ያማክሩ› ነው ያልኩት። እውነት ልንገርሽ፣ እኔ ከቤቱ ይልቅ የተመኘሁት ያን የሚቆመውን አልጋ ነበር። ዛሬ እንደሱ ዓይነት አይሠራም።»

«የሚቆመውን?» አለች ሮዌና።

«አላየሽውም? አልጋው እኮ ይቆማል። ሽማግሌዎች መውጣት ስለማይችሉ ሳህኑ ላይ ቆመው ይደገፉታል፤ ፔዳሉን ስትረግጪ እሱ ራሱ ቀስ አድርጎ ያጋድማቸዋል። ማንም ማንንም ማንሳት የለበትም። ሕፃን ልጅም ያስተኛቸዋል።»

ሮዌና አመሰግናለሁ ማለቷን እንኳ አታስታውስም። በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ነዳች። ማርሊስ የደረቁ አበቦችን ከአበባ ማስቀመጫው ስትጥል ደረሰችባት።

«ማርሊስ፣ አልጋውን አቁሚልኝ።»

ማርሊስ ፔዳሉን ረገጠችው። አልጋው እያጉረመረመ ተነሳና እንደ በር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሮዌና ሳህኑ ላይ ወጥታ ጀርባዋን አስደገፈች። «አሁን አውርጂኝ።» ጣሪያው ቀስ እያለ ወደ ፊቷ መጣ። ያለ ምንም ልፋት በጀርባዋ ተንጋላ ራሷን አገኘች። ትንሽ የደነዘዘ፣ ግን በእግሩ መቆም የሚችል ሰው ማንም ቢሆን እንዲህ ሊያስተኛው ይችላል። ጉልበተኛ ፍለጋ የዞረችበት መንገድ ሁሉ ከንቱ ነበር።

«ማርሊስ፣ እሳቸው አንቺን አለቃዬ ይሉሽ ነበር?»

«እኔን?» ማርሊስ ሳቅ አመለጣት። «እኔን ‹ማርሊስ፣ ቡናው ቀዘቀዘ› ነበር የሚሉኝ። አለቃዬ የሚሏትማ...» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀስ ብላ ዓይኗ ወደ ትራሱ ሄደ። «ወይኔ ሮዌና! እኔ ምንም አላልኩም።»

ሮዌና ግን ሰምታለች፤ ከሰማችውም ጋር ሌላ ነገር አብሮ መጣላት። ዴልሲ «ያቺ አዲሷ በሽተኛ ናት ያገኘችው?» ሲሉ እሷ ስለ አዲስ በሽተኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ማርሊስ እንኳ የማታውቀውን ቀጠሮ እሳቸው ከየት ሰሙት? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት «ዴልሲ? መጥታለች። ግን ዘገየች፤ ዴልሲ ደግሞ ዘግይታ አታውቅም። ፊቷም ልክ አልነበረም» አለቻት።

ዴልሲን በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከታች ወንዙ የተሰባበረ በረዶ ተሸክሞ ይፈሳል። ሮዌና የሕግ ጠበቃ መጥራት እንደሚችሉ፣ ዝም ማለትም መብታቸው እንደሆነ ነገረቻቸው። ዴልሲ እጃቸውን አወናጨፉ።

«አልጋውን አቆምሽው፤ አይደል?»

«አቆምኩት።»

«እኔም ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሽ ይሆን እያልኩ ነበር።» ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ። «ልወስደው ሄድኩ። አብረን ወደ አዳራሹ ልንሄድ። ኮቱን ለብሷል፣ መብራት ሊያጠፋ ነው። ስልኩ ጮኸ። ‹ተወው› አልኩት። አነሳው። ገና ድምፁን ስሰማ አወቅኩት። ‹ነገ ነይ› አላት። እኔ እኮ ሮዌና፣ ልጄን በዓመት አንዴ ነው የማያት። የልጅ ልጆቼ ድምፄን እንጂ መልኬን አያውቁም። ‹አሁንስ እንሄዳለን፤ ማልኩልሽ› ብሎኝ ነበር። ‹አንድ ሰው ብቻ ነው› አለኝ። ካርቶኑን ካሸግን በኋላ! ‹ሽያጩንም ትንሽ ብናቆየው ምን ይመስልሻል?› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ገፋሁት። በሁለት እጄ፣ እዚህ ደረቱ ላይ። እንደኔ ያለች አሮጊት ትጥለዋለች ብዬ መች አሰብኩ? ሳህኑ አደናቀፈው።» ድምፃቸው ቀጠነ። «ሳቀ እኮ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ‹ዳሌሽ ድኗል ማለት ነው› አለኝ። አልጋውን ይዞ ተነሳ። ‹ትንሽ ዞረብኝ፤ አሳርፊኝ› ሲለኝ ሳህኑ ላይ አቁሜ አስተኛሁት። እሱ ለኔ ሲያደርግልኝ እንደኖረው ትራሱን አደረግኩለት። መነጽሩን አወለቅኩለት። ‹ሂጂ፣ ይጠብቁሻል፤ እኔ ትንሽ ላሸልብ› አለኝ። ተቀይሜው ስለነበር ደህና እደር እንኳ አላልኩትም። ማታ ሲቀር እሱም ተቀይሞኝ ነው አልኩ። ማለዳ ያንቺን መኪና ሳይ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ገፋሁት ማለት እኮ ገደልኩት ማለት ነው። ያን ለአንቺ ከመንገሬ በፊት ለራሴ መንገር ነበረብኝ።»

ሮዌና ለምርመራው ሳይሆን ለራሷ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «ለምን እሺ አሏት? ስንቱን ሰው እንቢ ሲያሰኙ ከርመው?»

ዴልሲ በእንባቸው ውስጥ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እኔም ጮኼ ጠየቅኩት። ‹አልሰማሻትም?› አለኝ። ‹ትንፋሿን ስሚው፤ ቆማ ነው የምታወራው። ይህች ልጅ መቀመጥ አቅቷታል።› ይኼ ነው መልሱ። በስልክ! ፊቷን ሳያይ!»

ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ ተላለፈ። ዴልሲ ቃላቸውን አንዴም ሳይቀይሩ ሰጡ። ልጃቸው ከአሪዞና በርራ መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ ቀብሩም ላይ እናቷን ደግፋ የያዘቻት እሷ ነበረች። ዱዌንና አሮጊቶቹ ከኋላ ቆመው ነበር፤ ዴልሲን ፊት የነሳቸው ግን የለም።

ሮዌና ለዳርላ ምን እንደምትነግራት ብዙ አሰበች። ያ የስልክ ጥሪ የምን መነሻ እንደሆነ መንገር ይከብዳል፤ መደበቅ ደግሞ ለእሷ አይሆንላትም። ቤቷ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። ዳርላ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ አዳመጠች።

«እንግዲያው ባልደውል ኖሮ በሕይወት ይኖሩ ነበር» አለች ፊቷ አመድ መስሎ።

«እኔ እሱን አላውቅም። እሳቸው በፈቃዳቸው ነይ እንዳሉሽ ግን አውቃለሁ። ቆመሽ እንደምታወሪ ከትንፋሽሽ ሰሙ።»

ዳርላ ቀስ ብላ በእጇ ዓይኗን ሸፈነች። «ሐኪሞቹ ሁሉ ‹የት ያምሻል?› ነበር የሚሉኝ» አለች። «እሱንም እስኪጠይቁኝ ድረስ ካልዘጉብኝ ነው።»

ውጭ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ሮዌና በመስኮቱ ስታይ ማርሊስ ግሮት ናት፤ የኋላውን ወንበር አጣጥፋ ፍራሽና ብርድ ልብስ ታነጥፋለች።

«ወዴት ነው?»

«በወንዙ ማዶ፣ የወጌሻ ትምህርት ቤት ክሊኒክ አለ አሉ። ተማሪዎቹ በአስተማሪ ፊት ያክማሉ። ማርሊስ ከትናንት ጀምራ ስትደውል ውላ ካርድ እንደሚቀበሉ አስምላቸዋለች። ተኝቼ ነው የምሄደው።»

«ድልድዩ ጎርባጣ ነው፤ ቀስ ብላ ትንዳ» አለች ሮዌና።

«ፖሊስ ፊት ትበራለች ብለሽ ነው?» አለች ዳርላ፤ ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ወገቧን ወጋውና «ኡይ!» ብላ የሮዌናን ትከሻ ያዘች። ሁለቱ ተደጋግፈው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ።